ለትምህርት ቤቱ ቀጠና ስንል ጠባቡን ቤት እንግዛ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋና ባለቤታቸው የመጀመሪያ ቤታቸውን ሊገዙ ነው። የሦስት ዓመት ሴት ልጅና የስድስት ወር ወንድ ልጅ አላቸው። ሁለት ቤቶች ቀርበውላቸዋል። አንደኛው ሁለት መኝታ ክፍል ብቻ ያለውና ከሥራ ቦታቸው 45 ደቂቃ የሚርቅ ነው፤ የሚገኘው ግን ትምህርት ቤቶችን በፈተና ውጤት በሚያወዳድር ሰንጠረዥ አናት ላይ በተቀመጠ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀጠና፣ ማለትም ልጆች በመኖሪያ አድራሻቸው ወደዚያ ትምህርት ቤት በሚመደቡበት ክልል፣ ጫፍ ላይ ነው። ሁለተኛው ሦስት መኝታ ክፍል አለው፤ ዋጋው በ15 ከመቶ ያነሰ ነው፤ ከሥራ ቦታቸው የሚርቀው 15 ደቂቃ ነው። በእግር ስምንት ደቂቃ የሚያስኬደው ትምህርት ቤት ግን በዚያው ሰንጠረዥ መካከል ላይ ነው። «ባለቤቴ የመጀመሪያውን ካልገዛን ልጆቻችንን የበደልናቸው ይመስለዋል፤ የእኔ ልብ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የማንኛችን ሐሳብ ነው ትክክል?» ይላሉ።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥ፤ ነገሩ እንደገለጹት ከሆነ ሁለተኛውን ቤት ግዙ። የባለቤትዎን ስጋት ግን አላቃልለውም፤ ለልጆቹ የሚያስብ አባት ሁሉ ያድርበታል። ስለዚህ ያንን ቤት «አይሆንም» ብሎ ከመተው በፊት በእርግጥ ምን እንደሚሸጥላችሁ ገልጦ ማየት ይሻላል። ለዓመታት የሠራሁት በተማሪዎች ምደባ ላይ ነው፤ የቀጠና መስመር ሲሰመርም ሲሰረዝም አይቻለሁ። ከመስመሩ ልጀምር።

መስመሩን የሚያሰምሩት ሰዎች ስለ ቤት ዋጋ አይጨነቁም። የሚያሳስባቸው ሕንፃው ስንት መማሪያ ክፍል እንዳለው፣ በአካባቢው ስንት ሕፃናት እንደተወለዱ፣ በየትኛው ባዶ መሬት ላይ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ፈቃድ እንደተሰጠ፣ ትንንሽ ልጆች የትኛውን ሰፊ አውራ ጎዳና መሻገር እንደሌለባቸው ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ መስመሩም ሊለወጥ ይችላል። ዝነኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ዝናው ራሱ ያጨናንቀዋል፤ ቤተሰቦች ይጎርፋሉ፣ ክፍሎቹ ይሞላሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን «ቀጠናው ይጥበብ» የሚል ሐሳብ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ያን ጊዜ የሚቆረጠው ጫፉ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለ ቤት ካርታው አሥር ጊዜ ቢለወጥ እዚያው ቀጠና ውስጥ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው። የእናንተ የመጀመሪያ ቤት ግን ጫፍ ላይ ነው። ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ይኸው ነው።

እስቲ ጊዜውን እናስላ። ልጅዎ ትምህርት እስክትጀምር ሁለት ወይም ሦስት ዓመት አለ። ወንድ ልጅዎ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ያልፋል። መስመሩ ለእናንተ የሚጠቅማችሁ እነዚህን አሥራ ሁለት ዓመታት ሁሉ ሳይነቃነቅ ከቆየ ነው። ብዙ ቦታ ላይ መስመር ሲለወጥ አስቀድመው የገቡ ልጆች እንዲቀጥሉ ይፈቀዳል፤ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ግን ያንኑ ዕድል ማግኘቱ በየቦታው ይለያያል። ሴት ልጅዎ አንድ ትምህርት ቤት፣ ወንድ ልጅዎ ሌላ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ጠዋት በቀላሉ ሊመጣ ይችላል።

ሌላው ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር፣ በቀጠናው ውስጥ መኖር ሁልጊዜ ቦታ ማግኘት ማለት አለመሆኑ ነው። ይህ ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። በኒውዚላንድ የቅበላ ቀጠና ያለው ትምህርት ቤት በቀጠናው ውስጥ የሚኖርን ልጅ የመቀበል ግዴታ አለበት፤ ከውጭ ለሚመጡት ቦታ ከተረፈ በዕጣ ይሰጣል። በእንግሊዝ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አመልካች ሲበዛባቸው በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ላሉ ልጆች፣ ቀጥሎም ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም እህት እዚያው ለሚማሩ ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ የቀረውን ቦታ በቤት ርቀት ይሞላሉ። በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት አንድ መምህር ያለው ክፍል ከ30 ልጆች እንዳይበልጥ ሕግ ስላለ፣ ሠላሳ አንደኛ የሆነ ልጅ ወላጅ ይግባኝ ቢልም የሚሳካለት ከስንት አንዴ ነው። የመጨረሻውን ቦታ ያገኘው ልጅ የቤት ርቀት ደግሞ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ታናናሾች የበዙበት ዓመት ከሆነ በርቀት ቦታ የሚያገኘው አካባቢ ይጠባል። በካናዳዋ ቫንኩቨር በቀጠናቸው ትምህርት ቤት ቦታ ሞልቶ ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤት የሚመደቡ ልጆች አሉ። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የቤጂንግ ታሪክ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ያስገባል የተባለ አሮጌ ጠባብ ቤት በሚያስደነግጥ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ የሺቼንግ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2020 ሐምሌ መጨረሻ በኋላ የተገዙ ቤቶች አንድ የተወሰነ ትምህርት ቤት እንደማያስገኙ፣ ልጆች በአካባቢው ካሉ ከብዙዎቹ ወደ አንዱ እንደሚመደቡ ወሰነ። ባለሥልጣን በአንድ ማስታወቂያ ሊለውጠው የሚችልን ነገር ነው ሰዎቹ በብድር ይገዙ የነበረው።

ስለዚህ የትኛውንም ቤት ብትመርጡ፣ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት የተማሪ ምደባ የሚሠራውን የትምህርት ጽሕፈት ቤት በቤቱ ሙሉ አድራሻ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የቤት ሻጭ ወይም ደላላ «ቀጠናው ውስጥ ነው» ማለቱ ማንንም አያስገድድም። በክፋት ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እነሱም የሚያዩት የቆየ ካርታ ነው። የቀጠና መስመር በመንገድ መካከል መሄድ ይወዳል። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ቤቶች ወደ አንዱ ትምህርት ቤት፣ ፊት ለፊታቸው ያሉት ሙሉ ቁጥሮች ወደ ሌላው የሚሄዱበት መንገድ ብዙ ነው። ጽሕፈት ቤቱን ስትጠይቁም «ይህ ቤት የማን ቀጠና ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከቀጠናው ያመለከቱ ልጆች ሁሉ ቦታ አግኝተዋል ወይ? ተጠባባቂ ነበረ ወይ? የቀጠና ለውጥ ጥናት ተጀምሯል ወይ? በአካባቢው ሌላ ትምህርት ቤት ሊከፈት ወይም ሊዘጋ ታስቧል ወይ? ለታናናሾች ቅድሚያ አለ ወይ? ርቀት የሚለካ ከሆነ በቀጥታ መስመር ነው ወይስ በእግር መንገድ? የአካባቢው የትምህርት ቦርድ ቃለ ጉባኤ ለሕዝብ የሚገለጽ ከሆነም ያለፉትን ጥቂት ስብሰባዎች ማንበብ አይክፋችሁ። አሰልቺ ንባብ ነው፤ ነገር ግን የቀጠና ለውጥ ወሬ ከቤት ገበያው ቀድሞ የሚሰማው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ ልሂድ፤ የክርክራችሁ ሥር ያለው እዚያ ነውና። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦችን አልወዳቸውም። ቁጥሮቹ ሐሰት ሆነው አይደለም፤ ወላጆች የሚያነቧቸው ላልተሠሩበት ጉዳይ ስለሆነ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት በዋነኛነት የሚነግረን እዚያ የሚገቡት ልጆች እነማን እንደሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የወጣው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው የጄምስ ኮልማን ሰፊ ዘገባ የተማሪዎችን ውጤት ልዩነት በመግለጽ ረገድ የቤተሰብ ሁኔታ ከትምህርት ቤቱ ቁሳቁስና በጀት እንደሚበልጥ ካሳየ ወዲህ ይህ ለባለሙያዎች አዲስ ነገር አይደለም። ውድ ቤት የሚገዙ ወላጆች ብዙ ጊዜ የተማሩ ናቸው፤ ልጆቻቸው ፊደል ቆጥረው፣ ተረት ሰምተው፣ መጽሐፍ ገልጠው ይመጣሉ፤ ትምህርት ቤቱ ምንም ሳይጨምርላቸው እንኳ ፈተናውን ያልፋሉ። ሯጭን ከየት እንደተነሣ ሳይጠይቁ በደረሰበት ቦታ ብቻ መመዘን እንደማለት ነው። የሚጠቅማችሁ መለኪያ ልጆቹ ከገቡበት ደረጃ ተነሥተው ምን ያህል እንዳደጉ የሚያሳየው ነው። የትምህርት ባለሥልጣኑ የዕድገት ውጤት የሚያወጣ ከሆነ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በዚያ አነጻጽሩ። መካከለኛ የተባለው በዕድገት ከአናቱ እኩል ሆኖ፣ አንዳንዴም በልጦ ብታገኙት አትደነቁ።

ሁለተኛው ችግር የቁጥር ማነስ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትንሽ ነው። በአንድ የክፍል ደረጃ ፈተና የሚቀመጡት 40 ልጆች ናቸው እንበል፤ እያንዳንዱ ልጅ 2.5 ከመቶ ነው። ሁለት ልጆች በፈተናው ጠዋት ትኩሳት ይዟቸው ከወደቁ የትምህርት ቤቱ የማለፍ መጠን በ5 ነጥብ ወረደ ማለት ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ ብዙ ደረጃ ሊያንሸራትተው ይችላል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ሰንጠረዥ ይዞ ቤት መግዛት አይገባም። ቢያንስ የአራትና የአምስት ዓመት ውጤት አንድ ላይ አስቀምጡና ትምህርት ቤቱ ከዓመት ዓመት ስንት ቦታ እንደሚዘል እዩ። አንዴ ሦስተኛ፣ አንዴ ሠላሳኛ የሚሆን ከሆነ ያ ደረጃ ስለ ማስተማሩ የሚነግራችሁ ብዙ ነገር የለም።

ባለቤትዎ «ታዲያ ገበያው ለምን ይከፍላል?» ሊሉ ይችላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳንድራ ብላክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት በማሳቹሴትስ የከተማ ዳርቻዎች የቀጠና መስመር ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶችን አነጻጽረዋል። ሰፈሩ አንድ ነው፤ የሚለየው ልጆቹ የሚሄዱበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ያገኙት፣ የፈተና ውጤት በ5 ከመቶ ከፍ ሲል ወላጆች ለቤቱ 2.5 ከመቶ ያህል እንደሚጨምሩ ነው። ይህም ሰፈርን ከትምህርት ቤት ሳይለይ በሚደረግ ስሌት ከሚገኘው ግማሽ ያህሉ ነው። ማለትም ሰው ለትምህርት ቤት የከፈለ ከሚመስለው ገንዘብ ጥሩ ክፍሉ የተከፈለው ለጥላ ዛፉ፣ ለጸጥታው፣ ለጎረቤቱ ነው። በእናንተም በኩል 15 ከመቶው ሁሉ የትምህርት ቤት ዋጋ ነው ብላችሁ አትቁጠሩት። በሌላ በኩል ደግሞ የመጀመሪያው ቤት በአንድ መኝታ ክፍል ያነሰ ስለሆነ እውነተኛው ልዩነት ከ15 ከመቶ ይበልጣል።

«ስንሸጠው ገንዘቡ ይመለሳል» የሚለው ክርክርም በከፊል እውነት ነው። መስመሩም ዝናውም ከቆዩ ይመለሳል። ለተጨማሪው ብድር የከፈላችሁት ወለድ ግን አይመለስም፤ መስመሩ ከተነቃነቀ ደግሞ ትምህርት ቤቱም የሽያጭ ዋጋውም በአንድ ቀን አብረው ይሄዳሉ። ኪሳራ ሲመጣ ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

ሰፈርና ትምህርት ቤት ለልጅ ለውጥ አያመጡም እያልኩ አይደለም። ያመጣሉ፤ ጥያቄው ከየት ወደ የት ስትሄዱ ነው የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተካሄደ ሙከራ ድህነት ከከፋባቸው ሰፈሮች የሚኖሩ ቤተሰቦች በዕጣ ተለይተው ወደ ተሻለ ሰፈር የሚወጡበት ድጋፍ ተሰጣቸው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቻቸው ከዓመታት በኋላ ሲከታተሉ፣ ከ13 ዓመታቸው በፊት የወጡት ልጆች ካደጉ በኋላ ገቢያቸው ዕጣው ካልደረሳቸው ልጆች ገቢ በ31 ከመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን እነዚያ ልጆች የወጡት ከችግር ነው። እናንተ የምትመርጡት በመካከለኛና በአናት መካከል ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ ያለው ማስረጃ እጅግ የሳሳ ነው። በቺካጎ ወደ ተፈላጊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዕጣ የገቡ ተማሪዎች ዕጣ ካልወጣላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ የተሻለ ውጤት ካላቸው እኩዮች ጋር ቢማሩም በፈተና ውጤታቸው ይህ ነው የሚባል ብልጫ አልታየባቸውም፤ ልዩነት የታየው በሥነ ምግባር በኩል ነበር። አንደኛ ደረጃ ላይ የተደረገ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ቢሆንም የዝናን ልክ ያሳያል። ከቴክሳስ የተገኘ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ በመምህራን ብቃት ላይ ያለው ልዩነት በአመዛኙ የሚታየው በዚያው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደሆነ አሳይቷል። ሴት ልጅዎ ዝነኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ደካማ መምህር ሊደርሳት ይችላል፤ መካከለኛው ውስጥ ዕድሜ ልኳን የምታስታውሳት መምህርት ልትደርሳት ትችላለች። ይህን የሚወስን ቀጠና የለም።

በእርግጠኝነት ማስላት የምትችሉት ግን ሰዓታችሁን ነው። ከመጀመሪያው ቤት ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ከሁለተኛው ቤት ከሚሄደው ይልቅ በአንድ ጉዞ 30 ደቂቃ፣ በቀን አንድ ሰዓት ይጨምራል። በዓመት 220 የሥራ ቀን ብንይዝ 220 ሰዓት ነው፤ ሁለታችሁም ከሠራችሁ 440። ይህ ሰዓት የሚቀነሰው ከየትም አይደለም፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ከመጣ እስከሚተኛ ካለችው አጭር ጊዜ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ማንበብ ሲጀምር አጠገቡ ተቀምጦ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። ደክሞ በምሽት የሚገባ ወላጅ ያንን ለማድረግ ፈቃዱ ቢኖረው ጉልበቱ አይኖረውም። ሁለት መኝታ ክፍል ውስጥም ሁለቱ ልጆች አድገው አንድ ክፍል ሲጋሩ፣ የቤት ሥራ የሚሠራበት ጸጥ ያለ ማእዘን ማግኘት ቀላል አይሆንም። በብድር ጫና ለመተንፈሻ የሚሆን ገንዘብ ያጣ ቤት ደግሞ መጽሐፍ፣ መነጽር፣ ተጨማሪ አስጠኚ ሲያስፈልግ ይቸገራል።

ይህ ሁሉ ሁለተኛውን ትምህርት ቤት ሳታዩ ቤቱን ግዙ ማለት አይደለም። ሂዱና እዩት፤ የሚቻል ከሆነ ለወላጆች ጉብኝት በተዘጋጀ ቀን ሳይሆን በተራ ቀን። ርዕሰ መምህሩን ወይም ርዕሰ መምህርቷን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት መምህራን እንደለቀቁ ነው። መምህራን የሚቆዩበት ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ በየዓመቱ ግማሹ የሚለቅበት ትምህርት ቤት ግን ሰንጠረዡ ምንም ይበል አንድ ነገር ጎድሎታል። ቀጥሎ፣ ማንበብ የዘገየበትን ልጅ በየትኛው ወር እንደሚለዩትና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። «ሁሉንም ልጆች በፍቅር ነው የምንይዘው» የሚል መልስ መልስ አይደለም፤ ማን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚረዳው መናገር አለባቸው። በእረፍት ሰዓት ግቢውን ተመልከቱ፤ ብቻውን የቆመ ልጅ ሲኖር አዋቂ ያየዋል ወይ? ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች የሚቆዩበት አገልግሎት ካለም ተጠባባቂው ስንት እንደሆነ አሁኑኑ እወቁ፤ ብዙ ቦታ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ እሱ ነው የሚሞላው።

ያችን የስምንት ደቂቃ መንገድም በጠዋቱ የመግቢያ ሰዓት በእግራችሁ ሂዱባት። መሻገሪያ አላት? የእግረኛ መንገዱ ይቀጥላል ወይስ መካከል ላይ ይቆረጣል? በእግር የሚሄድ ልጅ ጓደኞቹ የሰፈር ልጆች ይሆናሉ፤ ወላጅም ትምህርት ቤቱን በደጃፉ ሲያልፍ ያውቀዋል።

የመጀመሪያውን ቤት ግዙ የምልበት ሁኔታም አለ። ሁለተኛውን ትምህርት ቤት ጎብኝታችሁ መምህራኑ የሚሸሹት፣ ልጆቹ የሚፈሩበት ሆኖ ካገኛችሁት፤ ወይም ልጃችሁ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋት ሆና ድጋፉ በርግጥ የሚገኘው በዚያኛው ብቻ ከሆነ፣ ስሌቱ ይለወጣል። ያን ጊዜም ቢሆን ጫፍ ላይ ያለውን ሳይሆን ወደ መካከል የገባ ሌላ ቤት እንድትፈልጉ እመክራለሁ፤ ካጣችሁ በዚያው ቀጠና ለአንድ ዓመት ተከራዩ። ሴት ልጃችሁ ገና ሦስት ዓመቷ ስለሆነ ለዚህ ጊዜ አላችሁ። ተከራይም እንደ ቤቱ ባለቤት ሁሉ በአብዛኛው ቦታ ነዋሪ ተብሎ ይመዘገባል፤ የኪራይ ውልና በስማችሁ የሚመጣ የመብራት ወይም የውኃ ክፍያ ደረሰኝ ይጠየቃል። የዘመድ አድራሻ ማስመዝገብን ግን አታስቡት። ጽሕፈት ቤቶች ያጣራሉ፤ ልጅ ጓደኛ ከያዘች በኋላ ቦታዋን ስታጣ አይቻለሁ፤ ለማንም የምመኘው አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሁለቱም ቀጠናዎች ልጆች ከአንደኛ ደረጃ በኋላ ወዴት እንደሚመደቡ ጠይቁ። ሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ወደ አንድ የቀጣይ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚልኩበት ሁኔታ የተለመደ ነው። እዚያም እንደዚያ ከሆነ ባለቤትዎ ለጥቂት ዓመታት ልዩነት ምን ያህል ሊከፍሉ እንደሆነ በግልጽ ያዩታል፤ ምናልባትም ከዚህ ሁሉ ንግግር ይልቅ የሚያሳምናቸው እሱ ይሆናል። ለጽሕፈት ቤቱ የምትጽፉትን ደብዳቤ በሁለቱም ቤቶች አድራሻ ዛሬ ነገ ሳትሉ ላኩ፤ የምዝገባ ወቅት ሲደርስ መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ቀብድ የምትከፍሉበትን ቀን ከዚያ በኋላ አድርጉት።